ያልተማረው ዓይን

ሾኔ ገበያ አጠገብ፣ ወደ ጤና ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሙሉነሽ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። የሰፈሩ ሰው ዩኒፎርም ሲያሰፋ፣ የመዘምራን ልብስ ሲያስቆርጥ፣ የሙሽራ ቀሚስ ሲያሳጥር ወደ እሷ ነበር የሚሄደው። ቀጠሮ አታሳልፍም ነበር፤ የልብስ ሰፊ ቀጠሮ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ምስክርነት አይደለም። ባሏ ሆሴዕ የሒሳብ መምህር ነው። በብስክሌት ትምህርት ቤት ይመላለሳል፤ እሁድ እሁድ በጸሎት ቤታቸው የወጣቶችን ክፍል ያስተምራል።

ደርግ ከወደቀ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው የመጀመሪያ ልጃቸው ተወለደች። ጣቢታ አሏት።

ሙሉነሽ ነገሩን ያየችው ገና በአራስነቷ ነው። ልጅቷ ስትጠባ ቀና ብላ እናቷን አታይም። ዓይኖቿ ትናንሽ ናቸው፤ ቀኙ ደግሞ ከግራው ያንሳል። ብሌናቸው ላይ ወተት ጠብ ያለበት የሚመስል ነጭ ነገር አለ። አማቷ፣ "የአራስ ዓይን ነው፤ ሲያድግ ይጠራል" አሉ። ሙሉነሽ ግን ልቧ አልተቀበለውም። ለክትባት ስትሄድ ልጇን ለነርሷ ለሲስተር እህተማርያም አሳየቻት። ሲስተር ባትሪ አብርታ አየችና ባትሪዋን ቶሎ አጠፋች።

"የጣቢታ እናት፣ ይሄ የሚጠራ ነገር አይደለም" አለቻት። "ሞራ ነው። ሽማግሌ ላይ የምናየው ሞራ ሕፃን ላይም ይወጣል። ዛሬ ነገ ሳትይ አዲስ አበባ ውሰጃት።"

ወሰዷት። አዲስ አበባ ዓይኗን የመረመሯት ዶክተር ኃይለመለኮት ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሲናገሩ ሰው ፊት ላይ የሚያዩ ሰው ነበሩ። ባልና ሚስቱን አስቀምጠው እንዲህ አሏቸው፦

"እውነቱን ልንገራችሁ። የልጃችሁ ዓይኖች ከዕድሜዋ በታች ናቸው። እንዲህ ያለ ትንሽ ዓይን ላይ መሥራት ከባድ ነው። ሞራውን እናወጣዋለን፤ ግን እሱ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው እናንተ ቤት ነው።"

"ምንድነው እሱ ዶክተር?" አለ ሆሴዕ።

"የሚያየው ዓይን ብቻ አይደለም፣ አእምሮም ነው። አእምሮ ደግሞ የቀለለውን ይመርጣል። ግራው ዓይኗ ይሻላል፤ ስለዚህ በግራው ብቻ ማየት ይለምዳል፣ ቀኙን ይተወዋል። የተተወ ዓይን ደግሞ ማየት ሳይማር ይቀራል። መነጽር ታደርጋለች። በየቀኑ ደግሞ ለግማሽ ቀን ግራውን ትሸፍኑባታላችሁ፤ ቀኙ እንዲማር። ታለቅሳለች። አትስሟት። ሰባት ስምንት ዓመት እስኪሞላት ነው እድሉ፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል።" ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፦ "የዓይን ግፊት የሚባልም አለ፤ ከውስጥ ሆኖ ብርሃን ያጠፋል። እንዲህ ያለ ዓይን ላይ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ይመጣል። ደህና ናት ብላችሁ ከቀጠሮ እንዳትቀሩ።"

ሆሴዕ የሰማውን ሁሉ እንደ ትምህርት ያዘው። ከሙሉነሽ ጆሮ ያልወጣው ግን አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ "አትስሟት" የሚለው።

ቀዶ ሕክምናው ተሠራ። ቁስሉ ሲደርቅ ለጣቢታ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ተሰጣት፤ ከጭንቅላቷ ኋላ በላስቲክ ይታሰራል። መነጽሩ የተደረገላት ዕለት ልጅቷ ዝም ብላ ቆየችና እጇን ዘርግታ የእናቷን አፍንጫ ያዘች። ሙሉነሽ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች። ያን ቀን የጠየቋትን ሁሉ ለማድረግ ዝግጁ ነበረች።

የዓይን መሸፈኛውን ራሷ ሰፋችው። ከኮት የተረፈ ጥቁር ሱፍ ቆረጠች፤ ውስጡን እንዳይኮሰኩሳት በለስላሳ ጥጥ ገበረችው፤ በግንባሯ ላይ የሚያልፍ ላስቲክም ሰፋችበት። ጠዋት ሆሴዕ ብስክሌቱን ይዞ ሲወጣ እሷ ግራውን ዓይን ትሸፍናለች። መከራውም ይጀምራል። ጣቢታ ዓለም የጠፋባት ይመስል ትጮኻለች። እየዳኸች ከስፌት መኪናው እግር ጋር ትጋጫለች፣ ትወድቃለች፣ አየሩን በእጇ ትዳብሳለች። ሙሉነሽ ፔዳሉን እየረገጠች በሀዲይኛ ታዜምላታለች፤ ዜማው ለቅሶውን አያሸንፈውም። ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡ ሰዎች ይቆጧታል። አንዷ ደንበኛዋማ፣ "እግዜር የሰጣትን ብርሃን አንቺ ለምን ትነሻታለሽ?" ብላት ቀሚሷን ሳትለካ ወጣች።

እንደዚያም ሆኖ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ታገሠች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የከሰል ካውያዋን ልታሟሙቅ ምድጃ አቀጣጥላ፣ ከደንበኛ ጋር ስትነጋገር፣ ልጇ ከአጠገቧ ጠፋች። ቀጥሎ የሰማችው ጩኸት እስከዚያ ቀን ከሰማችው ሁሉ ይለይ ነበር። ጣቢታ በሚያየው ዓይኗ ላይ ጥቁሩ ጨርቅ እንደታሰረ፣ መዳፏን ምድጃው ላይ አሳርፋለች።

ሙሉነሽ መሸፈኛውን ከልጇ ፊት ላይ መንጭቃ ጣለችው። ልጅቷ በዕንባ ውስጥ የእናቷን ፊት ስታገኝ ለቅሶዋን ቆም አደረገች። ያቺ ቆም ያለችባት ቅጽበት ሙሉነሽን አሸነፈቻት።

የተቃጠለው እጅ እስኪድን ሆሴዕም መሸፈኑ ይቅር ብሎ ነበር። እጁ ዳነ። "በይ እንግዲህ እንቀጥል" አለ። ሙሉነሽም "እሺ" አለች። በነጋታው መሸፈኛውን አንስታ አየችው፤ የልጇን መዳፍ አየች፤ መሳቢያ ውስጥ መልሳ ከተተችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያደረገችው ነገር ነው በኋላ እንቅልፍ የነሳት። ቀኑን ሙሉ ልጅቷ በግራ ዓይኗ እያየች ትጫወታለች፣ ቁራጭ ጨርቅ ትለቅማለች፣ ትስቃለች። አመሻሽ ላይ የብስክሌቱ ደወል ከመንገዱ ጫፍ ሲሰማ ሙሉነሽ ከመሳቢያው መሸፈኛውን አውጥታ ታስርላታለች። ሆሴዕ ገብቶ ይንበረከክና በገዛ እጁ ይፈታላታል። "ጎበዝ! የኔ ልጅ ዛሬም ሠራች!" ይላታል። ጣቢታም ጨዋታ መስሏት ታጨበጭባለች። ሙሉነሽ አንገቷን ደፍታ ክር በመርፌ ታስገባለች።

አዲስ አበባ ለቀጠሮ ሲሄዱ ዶክተር ኃይለመለኮት፣ "እየሸፈናችሁ ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ሆሴዕ ደረቱን ነፍቶ፣ "እጇ ከዳነ ወዲህ አንድም ቀን አላቋረጥንም ዶክተር" ይላል። ዶክተሩ ቀኙን ዓይን ይመረምራሉ፣ ግንባራቸውን ይቋጥራሉ። "እንዲህ በጣም ትንሽ የሆነ ዓይን አንዳንዴ ምንም ቢደረግ እምቢ ይላል" ብለው ያልፉታል።  "አሁን ልናገር" ትላለች ሙሉነሽ በልቧ፤ ከዚያ የሆሴዕን ፊት ታያለች፤ ትተወዋለች።

ልጅቷ አምስት ዓመት ሲሆናት የበሩ መዘጋት እየቀረበ መሆኑ ትዝ አላትና ሙሉነሽ እንደ አዲስ ልትጀምር ሞከረች። ግን ጣቢታ አሁን አፍ አላት። "እማዬ አውልቂልኝ፣ ጨለመብኝ" ትላለች። ሰፈር ውስጥ ልጆች "አንድ ዓይና" እያሉ ተከተሏት። ሳምንት ሳይሞላ ሙሉነሽ ተሸነፈች። ለራሷም፣ "ግራው ደህና ነው። በአንድ ዓይን ስንቱ ሰው ይኖራል" አለች።

ግራው በእርግጥም ደህና ነበር። ጣቢታ በወፍራሙ መነጽሯ ደብተሩን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ታነባለች፤ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ከክፍሏ አንደኛ ትወጣለች። እናቷ ሱቅ ውስጥ የክር ቀለም የምትመርጠው እሷ ነበረች። እየከረመ ሲሄድ ቀጠሮውም ላላ። አንድ ዓመት መንገዱ በዝናብ ተበላሸ፤ በሚቀጥለው ሆሴዕ ርዕሰ መምህር ሆኖ ተሾመና ጊዜ አጣ። ልጅቷም ምንም አላመማትም ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት ካለፋት በኋላ ራሷን ያማት ጀመር። "አምፖሉ ዙሪያ ቀስተ ደመና አለ" አለች አንድ ቀን በእራት ላይ፤ ለእሷ ውብ ነገር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከጎኗ የሚመጣውን ሰው ሳታይ ትጋጨው፣ የበሩን መቃን ትመታ ጀመር። ይዘዋት ሲሮጡ ግፊቱ ግራው ዓይን ውስጥ ሥራውን ጨርሶ ነበር። ጠብታ ተሰጣት፣ እንደገና ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ብርሃንና ጨለማን ከመለየት በቀር ግራው የሚያየው አልተረፈም።

"ቀኙስ ዶክተር?" አለ ሆሴዕ፤ ድምፁ ልመና ሆኖ ነበር።

ዶክተር ኃይለመለኮት፣ አሁን ፀጉራቸው ነጥቷል፣ ወንበራቸውን ወደ እሱ ሳቡ። "የሚገርመው ቀኙ ዓይን ደህና ነው። ግፊት የለውም፣ ጠባሳ የለውም። ግን ማየት አልተማረም። አሁን ልናስተምረው አንችልም።"

ሙሉነሽ ተነስታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ የተሰለፉት በሽተኞች መሐል ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ያ ዓይን ያለ በሽታ፣ ያለ ጥፋት፣ ባዶ ቤት ሆኖ ቀረ። ቤቱን የዘጋችው እሷ ናት።

ወደ ሾኔ ሲመለሱ አውቶቡሱ ቡታጅራ ለምሳ ቆመ። ጣቢታ መቀመጫዋ ላይ ተኝታለች። ሙሉነሽ ሆሴዕን ከአውቶቡሱ ጥላ ስር ወስዳ ሁሉንም ነገረችው። ምድጃውን፣ መሳቢያውን፣ የብስክሌቱን ደወል። እሱ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ሰማት። ስትጨርስ ወደ አውቶቡሱ ገባና ከልጁ አጠገብ ተቀመጠ።

ብዙ ወራት ቤታቸው ውስጥ ከ"ብላ" እና "ጠጪ" ያለፈ ንግግር አልነበረም። ሙሉነሽ ቢሰድባት ትመርጥ ነበር። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከጓሮ እንሰት ስር ሲኮተኩት ቆይቶ መጣና የሱቁ ደፍ ላይ ተቀመጠ።

"ግንባሯ ላይ ምልክት አልነበረም" አለ።

"ምን?"

"የመሸፈኛው ላስቲክ። ግማሽ ቀን የታሰረ ላስቲክ ቆዳ ላይ መስመር ይተዋል። የጣቢታ ግንባር ልሙጥ ነበር። አንድ ቀን አይደለም፣ ሁልጊዜ ልሙጥ ነበር። አየሁት፣ ሙሉነሽ። ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር። ብትነግሪኝ ደግሞ እኔ ነበርኩ ተቀምጬ ለቅሶዋን የምሰማው። ስለዚህ አልጠየቅኩሽም።"

ሙሉነሽ መጀመሪያ ተናደደች፤ መቀሱን ወርውራ ጓሮ ወጣች። ቆይታ ስትመለስ እሱ እዚያው ነበር። ጥፋት እንደ ዳቦ ለሁለት ሲቆረስ የሚያንስ መስሏት ነበር። ግን ለእያንዳንዳቸው ሙሉው ደረሳቸው።

ጣቢታ ሻሸመኔ ዓይነ ስውራን ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ገባች። ብሬይል ለመደች። መጀመሪያ ዓመት ስታለቅስ ከረመች፤ በኋላ ሌሎቹን የምታስቅ ሆነች። ዩኒቨርሲቲም ደረሳት። ለክረምት ዕረፍት ቤት በመጣች ጊዜ ሙሉነሽ የሱቁን በር ዘግታ፣ እስከዚያ ያልነገረቻትን ነገረቻት።

ጣቢታ ቁልፎች በየመጠናቸው እየለየች ነበር። እጇ ቆመ።

"ይሄን እንድትነግሪኝ ማን አለሽ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ለምን ነገርሽኝ? ላንቺ እንዲቀልሽ ነው?"

ሙሉነሽ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው የወደቀ ቁልፍ አነሳች።

"እኔ ምን ላድርገው አሁን?" አለች ጣቢታ። "ሳላውቀው ይሻለኝ ነበር። ዓይኔ በተፈጥሮው እምቢ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ከተፈጥሮ ጋር ታርቄ ነበር።"

ትምህርት ሳይከፈት ተመልሳ ሄደች። ከዚያ በኋላ ስትደውል ወደ አባቷ ስልክ ነበር። "እማዬ ደህና ናት?" ብላ ትጠይቃለች፣ አቅርብልኝ ግን አትልም።

በዚያው ዓመት ሲስተር እህተማርያም፣ ጡረታዋ የደረሰ፣ አንዲት ወጣት ይዛ ሱቁ ገባች። ዮርዳኖስ ትባላለች፤ የሀደሮ ከተማ ልጅ ናት፣ ሾኔ አግብታ እህል ትነግዳለች። ጀርባዋ ላይ ያለችው ልጅ፣ ሮዳስ፣ ወፍራም መነጽር አድርጋለች።

"የጣቢታ እናት፣ ይቺ ሕፃንም ዓይኗ ተሠርቶላታል። መሸፈን አለባት። አንቺ ታውቂበታለሽና አሳያት" አለች ሲስተር።

ሙሉነሽ "አላውቅበትም" ልትል ፈለገች። ነርሷ እስክትወጣ ጠበቀችና ለዮርዳኖስ እንዲህ አለቻት፦ "እኔ አውልቄው ነበር። አሳዘነችኝና አወለቅኩት። ልጄ ዛሬ አታይም። እንዴት እንደሚሸፈን አላሳይሽም፤ እንዴት እንደሚወለቅ ግን አውቃለሁ።"

ዮርዳኖስ ደነገጠች። ልጇንም ወደ ደረቷ አስጠጋች። ለመሄድ ተነስታ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። "እትዬ፣ እኔም ትናንት አውልቄዋለሁ" አለች በትንሽ ድምፅ።

ከነጋታው ጀምሮ ዮርዳኖስ ሮዳስን ጠዋት ጠዋት ሱቅ አምጥታ ትተዋት ወደ እህሏ ትሄድ ጀመር። ሙሉነሽ ምድጃውን ውጭ አወጣችው። መሬቱ ላይ ጂባ አነጠፈች፤ ትልልቅ ቀያይና ቢጫ ቁልፎችን በክር ሰክታ ከጠረጴዛው ጠርዝ አንጠለጠለች። ሮዳስም እንደ ጣቢታ ጮኸች፣ እንደ ጣቢታ አየሩን ዳበሰች። የሙሉነሽ እጅ ሳታዘው ወደ ላስቲኩ ይሄዳል። ያን ጊዜ ስፌቷን ትታ ጂባው ላይ ቁጭ ትላለች፣ እጇን ከጭኗ ስር ትከታለች፣ ልጅቷን በጉልበቷ መሐል አድርጋ አብራት ታለቅሳለች። ቀጠሮ የማያሳልፈው ሱቅ ቀጠሮ ማሳለፍ ጀመረ።

ለመስቀል ጣቢታ ከዩኒቨርሲቲ መጣች፤ በዓሉን ከቤተሰብ ውጭ ማሳለፍ ነውር ነውና። አባቷ ከመናኸሪያ እየመራ አመጣት። ደፉ ላይ ስትደርስ ለቅሶ ሰማች።

"የማን ልጅ ናት?"

ሙሉነሽ ነገረቻት። ምን እየሠሩ እንደሆነም ነገረቻት።  ጣቢታ ጂባውን በእግሯ አግኝታ ተቀመጠችና ነጭ ዘንጓን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ዘንጉ ጫፉ ላይ ቀይ ቀለም አለው። ሮዳስ እየነፈረቀች ዳኸች፣ ቆመች፣ ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች።

"ምን ሆና ዝም አለች?" አለች ጣቢታ።

"እያየች ነው" አለች ሙሉነሽ። "የዘንግሽን ጫፍ፣ ቀዩን።"

"በደካማው ዓይን?"

"ሌላው እኮ ተሸፍኗል።"

ጣቢታ ዘንጉን በቀስታ ወደ ግራ ወሰደችው። "አሁንስ?"

"ተከተለችው።"

ወደ ቀኝ መለሰችው። "አሁንስ?"

"ጠፋባት... ቆይ... አገኘችው።"

እናትና ልጅ እንዲያ ብዙ ቆዩ። የሚያነጋግራቸው የዘንጉ ጫፍ ነበር። ሌላ ነገር አልተነሳም። ሮዳስ መልሳ ማልቀስ ስትጀምርና ሙሉነሽ ስትቁነጠነጥ ግን ጣቢታ ቆጣ ብላ፣ "እንዳታወልቂው" አለች።

በዓመቱ ዮርዳኖስና ሙሉነሽ ሮዳስን ይዘው አዲስ አበባ ሄዱ። የዓይኗ ግፊትም እንዲለካ ሙሉነሽ አንድ ቀጠሮ እንኳ እንዲያልፍ አልፈቀደችም። ዶክተር ኃይለመለኮት ከመረመሯት በኋላ ፈገግ አሉ። "ደካማው ዓይን ጀምሯል። ብዙ አይደለም፤ ግን ጀምሯል። ገና ረጅም መንገድ አለ።" ዮርዳኖስ ዶክተሩን እጃቸውን ልትስም ተደፋች። ሙሉነሽም ደስ አላት፤ ደስታው ግን ውስጧ ሲደርስ ወጋት። ይቻል ነበር ማለት ነው።

ዮርዳኖስ ስትወጣ እሷ ቀረችና ለዶክተሩ የዚያን ዘመን ውሸት ተናዘዘች። "የኔ ልጅም እንዲህ ትሆን ነበር?" አለቻቸው።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ።  "የጣቢታ ቀኝ ዓይን ከዚህች ልጅ ዓይን በጣም ያነሰ ነበር" አሉ። "ምናልባት ትንሽ ታይ ነበር። ምናልባት ምንም። እኔ አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰውም የለም።"

ሙሉነሽ ፍርድ ፈልጋ ነበር የጠየቀችው፤ አልተፈረደባትም፣ ነጻም አልወጣች።

ጣቢታ በዚያን ጊዜ ተመርቃ ሆሳዕና መምህር ሆና ተቀጥራ ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ደወለች፤ ወደ እናቷ ስልክ። ሙሉነሽ ሮዳስ እንዴት እንደሆነች ነገረቻት፣ ዶክተሩ ያሉትንም አንድ ቃል ሳታስቀር ነገረቻት።

"'ምናልባት ትንሽ' አሉ?"

"አዎ።"

"ትንሽ ስንት ነው?"

"አልጠየቅኳቸውም።"

 ሙሉነሽ ስልኩ የተዘጋ መሰላት።

"ጥሩ አደረግሽ፣ አትጠይቂያቸው" አለች ጣቢታ በመጨረሻ። ከዚያ የሮዳስ አዲሱ መነጽር መቼ እንደሚደርስ ትጠይቃት ጀመር።